የጥሬ ቆዳ ማኅደር

ሽጉጡን ሲሰጡኝ ማኅደር አልነበረውም። የወረዳው የጸጥታ ኃላፊ፣ በዕድሜ ከእኔ ብዙም የማይበልጥ ቀጭን ሰው፣ ከጠረጴዛው መሳቢያ አወጣና በአሮጌ ጋዜጣ እንደ ተጠቀለለ ወደ እኔ ገፋው።

«ባዶ እጅህን አትዙር» አለኝ። «ካንተ በፊት የነበረው ምን እንደ ደረሰበት ታውቃለህ።»

አውቃለሁ። ከእኔ በፊት የገበሬ ማኅበራችንን ፍርድ ሸንጎ ይመራ የነበረው ሰው ከይፋግ ገበያ ሲመለስ ርብ ወንዝ አጠገብ በጥይት ተመትቶ ወድቋል። ማን እንደ ተኮሰበት የተናገረ የለም። በእሱ ቦታ እኔ የተመረጥሁት ወረታ ስምንተኛ ክፍል ድረስ ስለ ተማርሁ ነው። የምርጫው ቀን እጁን ያላወጣ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ግን እጁን የሚያወጣው ወደ መሬት እያየ ነበር። ሹመት የተሰጠኝ ሳይሆን የሟች ልብስ ያለበሱኝ መሰለኝ።

ጋዜጣውን የፈታሁት ከወረታ ወጥቼ ሜዳው ላይ ብቻዬን ስቀር ነው። የድሮ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ነው፤ የጥይት ቋቱ እንደ እንዝርት ይዞራል። እጀታው የቀንድ ሲሆን አንድ ጎኑ ተሰንጥቆ በናስ ሽቦ ተጠምጥሟል። ያን ሽቦ ሳይ እግሬ ቆመ። የክርስትና አባቴ ሽጉጥ ነበር።

የክርስትና አባቴ የአገሩ ባለ ርስት ነበሩ። ልጅ ሳለሁ በበዓል ቤታቸው ስንሄድ ከጎናቸው ያስቀምጡኝና ሽቦውን በጣቴ እንድነካው ይፈቅዱልኝ ነበር። መሬት ለአራሹ ሲታወጅ መሬታቸው ተከፋፈለ። መሣሪያ ያለው ያስረክብ በተባለ ጊዜም ሽጉጡን ራሳቸው ወረታ ወስደው ሰጡ። ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም። አንድያ ልጃቸው የአባቱን ተዝካር አብልቶ ጫካ ገባ። በዚያ ሰፊ ቤት የቀሩት ባለቤታቸው ብቻ ነበሩ፤ አገሩ ሁሉ እመይቴ ይላቸዋል። ለካ ሽጉጡ ያን ሁሉ ዘመን እዚያ መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ ኖሯል።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሱሪዬ ላይ ሻጥ አድርጌው በጋቢዬ እሸፍነው ነበር። አንድ ቀን ዋርካው ሥር ሸንጎ ተቀምጠን፣ የሁለት ወንድማማቾችን የወሰን ክርክር ስሰማ፣ ተነሥቼ ልናገር ስል ሽጉጡ ከወገቤ ሾልኮ በሱሪዬ እግር ውስጥ ወረደና ድንጋይ ላይ ኳ ብሎ ወደቀ። ሽማግሌዎቹ አዩት። ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። ከተከራካሪዎቹ አንዱ ወዲያው «እኔ መሬቱን ትቻለሁ፤ ለእሱ ይሁን» አለ። ሽጉጥ ያወጣሁበት መስሎት ነው። «ኧረ ወድቆብኝ ነው፤ ተናገር» ብለው፣ ብለምነው አፉን አልከፈተም።

ያን ዕለት ማታ ለዚህ ነገር ማኅደር ማበጀት አለብኝ ብዬ ወሰንሁ። ቆዳ ያለው ደግሞ አባቴ ዘንድ ነው።

አባቴ መሪጌታ ናቸው። ዳዊት ይጽፋሉ፤ የጻፉትንም ራሳቸው ይደጉሱታል፣ ማኅደሩንም ራሳቸው ይሰፉለታል። ከአልጋቸው ራስጌ ሁልጊዜ የተጠቀለለ ቀይ የለፋ ቆዳ አይጠፋም፤ እንደ ሻሽ የለሰለሰ ነው። ጎንበስ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«አባቴ፣ ከዚህ ቆዳ ጥቂት ቢሰጡኝ።»

«ለምን?»

«ለሽጉጡ ማኅደር ልሰፋለት ነው።»

ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ይኸ የዳዊት ልብስ ነው» አሉኝ። «ለዚያ የሚሆን ቆዳ እኔ ዘንድ የለም።»

«እኔ ወድጄ ያመጣሁት መሰለዎት?»

«አልመሰለኝም። ቢሆንም የለም።»

እምቢታቸው ቆዳውን ከመከልከል ያለፈ መሆኑ ገብቶኛል። ሸንጎውን ከያዝሁበት ቀን ጀምሮ አብረን ማዕድ ስንቀርብ ዓይናቸው ከእኔ ይሸሽ ነበር። ልጃቸው እንደ እሳቸው ደብር እንዲያገለግል ነበር የሚመኙት፤ ልጃቸው ግን ወገቡ ላይ የሰው መግደያ ታጥቆ ይገባል። ወጣሁ።

እመይቴ ቤት የሄድሁት በማግስቱ ነው። እንዲያውም አስጠሩኝ ማለት ይቀላል፤ ወሬው ደርሷቸዋል። ደጃቸው ላይ ከግድግዳው ተደግፈው ጥጥ ይፈትሉ ነበር። ገና ስጎነበስ ዓይናቸው ጋቢዬን አልፎ ወገቤ ላይ አረፈ።

«የእሳቸውን ነው የሰጡህ?»

«አዎ እመይቴ።»

«አሳየኝ።»

አወጣሁት። አልነኩትም። ሽቦውን ብቻ አይተው አንገታቸውን ነቀነቁ። «ሽቦውን ያሠሩት አንተ ክርስትና የተነሣህ ዓመት ነው» አሉኝ።

እኔም አፌን ያዝ አደረገኝና፣ ማኅደሩ አብሮ አለመሰጠቱን አንሥቼ የት እንደ ደረሰ ጠየቅኋቸው።

«እኔ ጋ ነው። ሽጉጥ አስረክቡ አሏቸው፤ ሽጉጥ አስረከቡ። ማኅደር ያለ የለም። ልትለምነኝ ከሆነ አልሰጥህም፣ ልጄ። እሳቸውን እሳቸውን የሚሸት እቃ በዚህ ቤት ያ ብቻ ነው የቀረኝ። እዚህ ራስጌዬ ነው የሚያድር።»

«አልለምንዎትም» አልኋቸው።

«ባይሆን ተጠንቀቅ። እሳቸውም ቢሆኑ አንድ ቀን አልተኮሱበትም።»

የራሴን ማኅደር ለመሥራት ቁርጥ ያደረግሁት ከዚያ ስመለስ ነው። በዚያ ሰሞን አንድ በሬያችን ሆዱ ተነፍቶ ሞቶ ነበርና ቆዳው ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ተወጥሮ ደርቋል። ከጀርባው ወፍራሙን ክፍል ቆርጬ ውኃ ውስጥ ዘፈዘፍሁት። ሲረጥብ ፀጉሩን በአመድ እያሸሁ በቢላዋ መፋቅ ጀመርሁ። ይህን ሁሉ የሠራሁት ከጓሮ ተደብቄ ነው። ቆዳ የሚፍቅ ሰው በእኛ አገር ይሰደባል፤ ስድቡ በአዋጅ ተሽሯል፣ እንዲያውም በዚህ የተሳደበን የምቀጣው እኔ ነኝ። ይሁን እንጂ የመሪጌታ ልጅ ቆዳ ሲፍቅ ታየ እንዳይባል ፈራሁ። እጄ ለብዙ ቀን ይሸት ነበር።

እርጥብ ቆዳ ብረት ላይ ቢደርቅ ብረቱን ያዝገዋል። ስለዚህ የሽጉጡን አምሳያ ከዋንዛ እንጨት ጠረብሁ፤ አፈሙዙን፣ ቋቱን፣ የቃታውን ቀለበት ሳይቀር። እርጥቡን ቆዳ በእንጨቱ ላይ አጥፌ፣ በገመድ ጠፍሬ፣ የቋቱን ጉብታ በአውራ ጣቴ እየተጫንሁ አወጣሁት። ፀሐይ እንዳያሰነጥቀው ጥላ ውስጥ ሰቀልሁት። ከርሮ ሲደርቅ ጠርዙን በወስፌ እየበሳሁ በጅማት ሰፋሁት። ስፌቱ አባቴ የመጽሐፍ ማኅደር ሲሰፉ አይቼ የለመድሁት ነው፤ ሁለት ጅማት ከግራና ከቀኝ በአንድ ቀዳዳ ይተላለፋል፣ አንዱ ቢበጠስ ሌላው ይይዛል። የቃታው ቀለበት በቆዳው እንዲሸፈን አደረግሁ፤ ጣትም ሆነ የጋቢ ዘርፍ እንዳይገባበት። ክዳን አበጀሁለት፤ ለክዳኑ የቀንድ ቁልፍ፣ ለቁልፉ ደግሞ ከዚያው ቆዳ በቀጭኑ የተቆረጠ ማነቂያ። በመጨረሻ ሰምና ሞራ አቅልጬ ውስጡንም ውጭውንም አጠጣሁት።

ሲያልቅ እንደ ቅል ጠንካራ ሆነ። በጣት ሲያንኳኩት ይጮኻል። ሽጉጡ ሲገባ ጥቅ ይላል፤ ገልብጬ ብነቀንቀው አይወጣም። በሕይወቴ ያን ያህል ያማረ ነገር በእጄ ሠርቼ አላውቅም ነበርና ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ ደስ ያለኝ በምን እንደሆነ ሳስበው ማኅደሩን ከእጄ አኖርሁት።

አባቴ ማኅደሩን አንሥተው በብርሃን አገላበጡት።

«ስፌቱ ጥሩ ነው» አሉ። ጥቂት ቆይተው «ቆዳው ግን ጥሬ ነው» አሉኝ።

«ሰም አጠጥቼዋለሁ።»

«ሰም ሰም ነው፤ ጥሬም ጥሬ ነው።»

ለእኔ የበሬ ጠፍር ውኃ ሲነካው እንደሚላላ የሚነግረኝ ሰው አያስፈልገኝም፤ ገበሬ ነኝ። ግን ሰኔና ሐምሌ ሙሉ ዝናብ ዘነበበት፣ ሰሙ ጠብታውን እያንከባለለ ጣለው። አመንሁት።

ማኅደሩን ከታጠቅሁ ወዲህ የሰዉ ነገር ተለወጠ። ሽጉጡ ጋቢ ውስጥ ሳለ ሰዎች እንደሌለ ቆጥረው ሊያወሩኝ ይችሉ ነበር። አሁን ከሩቅ ይታያል። ሳልፍ የተቀመጠው ይነሣል፣ የሚያወራው ያቆማል። ቀብር ላይ ቦታ ይለቁልኛል። እኩያዬ የሆነ፣ አብረን ቆሎ ትምህርት ቤት የተማርነው ሰው እንኳ «ጓድ ሰብሳቢ» ይለኝ ጀመር። ሌሊት ደግሞ ውሻ በጮኸ ቁጥር እጄ ወደ ራስጌዬ ይሄዳል።

ነሐሴ ገባ። ርብ ሞልቶ ወጣ፤ ሜዳችን ፎገራ እንደ ልማዷ ሐይቅ ሆነች። መንገዱ ጠፋ፤ ወረታ የሚሄድ ሰው በታንኳ ነው የሚሻገረው። ስብሰባ ና የሚል ጥሪ ከወረዳው ደረሰኝ። ሰፈራችን ውስጥ ታንኳ የነበረው አንድ ሰው ነው፤ በበጋ ያርሳል፣ በክረምት ሰው ያሻግራል። ብዙም የማይናገር፣ ክንዱ ወፍራም ጎልማሳ ነበር። ማለዳ ተነሥተን ተሳፈርን።

የደንገል ታንኳ ላይ ደረቅ መቀመጫ የለም። ውኃው በደንገሉ መካከል እየሰረገ ይገባል፤ ተሳፋሪው ከወገቡ በታች እየራሰ ነው የሚሄደው። ታንኳ ነጂው በረጅም ዘንግ እየገፋ አንድ ጊዜ ወደ ወገቤ ተመለከተ።

«ያን ነገር ፈትተህ አንገትህ ላይ ብታንጠለጥለው አይሻልም?»

«ሰም ጠጥቷል፤ ምንም አይሆን» አልሁት።

እሱም ዘንጉን ገፋ። ደመናው ዝቅ ብሎ ነበር፤ የውኃው መጨረሻ አይታይም። ንፋሱ ፊት ለፊት ስለሆነ ብዙ ዘገየን። ወደ ወረታው ዳር ስንቃረብ የኅብረት እርሻው ሩዝ ማሳ ውስጥ ገባን። ሩዝ ያኔ ገና አዲስ እህል ነው፤ ውኃ የሚተኛበትን መሬት ሁሉ ሩዝ ዝሩበት እየተባለ ነበር። ታንኳው ጭቃ ላይ ተቀመጠ። ወርጄ ልግፋ አልሁ። ውኃው እስከ ወገቤ ነበር፤ ጭቃው እግሬን ይዞ አልለቅ አለኝ፣ ወደቅሁም፣ ተነሣሁም። እየተጎተትን ደረቁ መሬት ላይ ወጣን። ጋቢዬን ልጨምቅ ስል እጄ ጎኔን ነካ።

ማኅደሩ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተልፈስፍሶ ተንጠልጥሏል። ማነቂያው ተስቦ የቀንዱ ቁልፍ ወጥቷል፤ ክዳኑ ተገልብጧል። ውስጡ ባዶ ነው።

ታንኳ ነጂው ፊቴን አይቶ ሳልነግረው ገባው። ተመልሰን ገባን፤ ሩዙን በእጃችን እየከፈልን፣ ጭቃውን በእግራችን እየዳበስን ፈለግን። ውኃው ቡና መስሎ ደፍርሷል፤ የረገጥነው ቦታ ወዲያው ይከደናል። የኅብረቱ ጠባቂ ከሩቅ «ሰብሉን አትርገጡ!» እያለ ጮኸ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወጣን።

«አሁን ምን ታደርጋለህ?» አለኝ ታንኳ ነጂው።

«አላውቅም።»

«ጠፋብኝ ብትል የሚያምንህ የለም። ለሽፍታ ሰጠህ ነው የሚሉህ። ከፈለግህ ወዲያ ማዶ ላድርስህ።»

ማዶ ያለው ምን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። የእመይቴ ልጅ የሄደበት ነው። ያን ጊዜ ያሰብሁት አባቴን ነው፤ እኔ ከሄድሁ የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው። «አይ፣ ራሴ እነግራቸዋለሁ» አልሁት። እርጥብ ማኅደሬን እንደ ታጠቅሁ በእግሬ ወረታ ገባሁ።

የጸጥታ ኃላፊው ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰምቶኝ ሲያበቃ ማኅደሬን አስፈትቶ መስኮቱ ላይ አስቀመጠው፤ እኔን ወደ እስር ክፍል ላከኝ። ያስጠራኝ ከቀናት በኋላ ነው። ያኔ ማኅደሩ ደርቋል። እንደ ገና እንደ ቅል ጠንክሮ፣ ቅርጹን ይዞ ጠረጴዛው ላይ ቆሟል። ኃላፊው የራሱን ሽጉጥ አወጣና ከተተበት፤ መጠኑ ልክ ባይሆንም ገባለት። ክዳኑን ቆለፈ። ገልብጦ ነቀነቀው። አልወደቀም።

«ይኸው» አለኝ። «ከዚህ ውስጥ ነው ወደቀብኝ የምትለኝ?»

«ጌታዬ፣ ሲደርቅ እንዲህ ነው። ጥሬ ቆዳ ስለሆነ ውኃ ውስጥ ሲቆይ ይላላል። በባልዲ ውኃ ያስመጡልኝና ዘፍዝፈን እንየው።»

«እዚህ ቆዳ መፋቅ ልታስተምረኝ ነው የመጣኸው?»

«አንድ ባልዲ ውኃ ብቻ ነው የምለምንዎት።»

ውኃው አልመጣም። ከዚያ በኋላ ያለፈብኝን ሁሉ አልተርከውም፤ ብርድ ሲመጣ ውስጥ እግሬ እስከ ዛሬ ያስታውሰኛል። ታንኳ ነጂውንም ጠርተው ጠይቀውታል፤ ያየውን ተናገረ፤ አብረህ ተማክረህ ነው ብለው ገርፈው ለቀቁት። ቦታውን አውቀዋለሁ፣ ልፈልገው ብሎ ቢለምን «ለአንድ ሽጉጥ የኅብረቱ ሰብል አይረገጥም» ተባለ።

ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ሲያስገቡኝ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ማኅደር ጎን ለጎን ተቀምጧል። አንዱ የእኔ ነው። ሌላው በእጅ ብዛት የጠቆረ ቀይ የለፋ ቆዳ ነው፤ ጠርዙ በቆዳ ጥልፍ ተሠርቷል። በልጅነቴ የማውቀው ነው። ቀና ስል እመይቴ ከግድግዳው ሥር ቆመዋል። ነጠላቸው ጭቃ ነክቶታል። ያን ሁሉ ውኃ አሻግረው አምጥተዋቸዋል።

«ማኅደሩ ከዚህች ሴት ራስጌ ተገኘ» አለ ኃላፊው። «ማኅደሩ እሷ ዘንድ ካለ ሽጉጡ የት አለ?»

«ሽጉጡን የወሰዳችሁት እናንተ ናችሁ፣ ልጄ» አሉ እመይቴ። «ባለቤቴ በእጃቸው ነው ያስረከቧችሁ።»

«ይህ ደግሞ መልሶ ለአንቺ አመጣልሽ። አንቺ ደግሞ ጫካ ላለው ልጅሽ ላክሽ።»

አንቺ አላቸው። በዕድሜዬ እመይቴን አንቺ ያላቸው ሰው ሰምቼ አላውቅም። እሳቸውም እንደ ተመታ ሰው ትንሽ ወደ ኋላ አሉ።

ኃላፊው ወደ እኔ ዞረ። «ማኅደሩ እሷ ጋ መኖሩን ታውቅ ነበር?»

አላውቅም ብል እሳቸው ነግሬዋለሁ ሊሉ ይችላሉ፤ አውቃለሁ ብል ተማክራችሁ ሊባል ነው። እመይቴን አየሁ። ዓይናቸውን ከእኔ አላነሡም።

«አውቃለሁ» አልሁ። «ለሽጉጡ ይሰጡኛል ብዬ ጠይቄ ነበር፤ የባለቤቴ መታሰቢያ ነው ብለው ከለከሉኝ። ስለከለከሉኝም ነው የራሴን የሠራሁት። ከእሳቸው ጋር ተማክሬ ቢሆን ምን ብዬ የበሬ ቆዳ ስፍቅ እከርማለሁ?»

ኃላፊው ሁለቱን ማኅደሮች በየተራ አየ። ከዚያ ግን «ሁለታችሁም ትቆያላችሁ» ብሎ ዘጋው።

እመይቴን የሴቶች ክፍል አስገቧቸው። በመካከላችን አንድ ግድግዳ ነበር። ማለዳ ማለዳ ሲጸልዩ ድምፃቸው ይሰማኛል፤ መጀመሪያ ጥርት ያለ ነበር፣ እየዋለ ሲያድር ሳል በሳል ሆነ።

አባቴ ስንቅ ይዘው ይመጡ ነበር። ውኃው እስኪጎድል በታንኳ፣ ከዚያ በእግር። አንድ ቀን ዘበኛው ርኅራኄ አድርጎ በሩ ላይ ሲያገናኘን እጄን ይዘው ቆሙ። አባቴ እጄን የያዙት ከልጅነቴ ወዲህ ያን ቀን ነው።

«ያን ቀይ ቆዳ ብሰጥህ ኖሮ» አሉኝ።

«አባቴ፣ ይተዉት።»

«አይ፣ ልናገረው። ዳዊት የሚለብሰው ነው ብዬ ከለከልሁህ። እግዚአብሔር ቆዳ መች አጣ? አንተን ነው የከለከልሁ።»

እጃቸውን እንደ ያዝሁ ዘበኛው «በቃ» አለን።

ከዚያ ወዲያ አባቴ ኃላፊውን ደጅ ጠኑት። የለመኑት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሩዙ ሲታጨድ አንድ ሚሊሻ ቆሞ እንዲያይ። በኋላ አስቀምጠው አገኘነው አሉ እንዳይባል የመንግሥት ዓይን ይኑር አሉ። መጀመሪያ አባረራቸው። ደጋግመው መጡ። ለምን በመጨረሻ እሺ እንዳለ አላውቅም፤ ሰልችተውት ይሆናል፣ ሽጉጡ ጠፍቶ መቅረቱ በእሱም ላይ ያስጠይቀው ይሆናል።

ኅዳር ሲገባ ውኃው ሸሸ፤ ሩዙ ቢጫ ሆኖ ተኛ። አጨዳው በተጀመረ ቀን ሚሊሻው ማሳው ዳር ጠመንጃውን ተደግፎ ተቀመጠ። የእኛ ቀበሌ ሰዎችም ሳይጠሩ ለአጨዳ መጡ አሉ። እኔ በሸንጎ የቀጣኋቸው ሳይቀሩ እንደ ነበሩ አባቴ ነገሩኝ። ለእኔ ብለው ይሁን ለእመይቴ ብለው፣ ወይም ያ ሽጉጥ ሌላ ሰው እንዳያስገርፍ ፈርተው፣ እግዚአብሔር ያውቃል። ታንኳ ነጂው ማጭድ ይዞ ታንኳው የተቀመጠበትን ቦታ ለብቻው ያዘ። ከሰዓት በኋላ ሚሊሻውን በስሙ ጠራው። «ራስህ ና አውጣው፤ እኔ እጄን አላስጠጋም» አለው። የቀንዱ እጀታ ከደረቀው ጭቃ ስንጥቅ ውስጥ ብቅ ብሎ ይታይ ነበር።

ሽጉጡ ዝጎ ቋቱ መዞር እምቢ አለ። ጥይቶቹ ሁሉም ውስጡ ነበሩ፤ አንድም አልጎደለም። ኃላፊው ሽቦውን በጣቱ ዳሰሰ። ከዚያ የመሣሪያ አያያዝ ጉድለት አለብህ፣ ከሸንጎው ተሽረሃል አለኝ። ይቅርታ የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም፤ እኔም አልጠበቅሁም። እመይቴን «ቤትሽ ግቢ» ብቻ አላቸው።

ማኅደሬን ወደ እኔ ገፋው። አልፈልገውም አልሁ። የእመይቴን ግን ጠየቅሁት። «የሽጉጡ አካል ስለሆነ ይቀራል» አለ። እመይቴ ይህን ሲሰሙ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጠቅለል አድርገው ቀድመውኝ ወጡ።

አባቴ በቅሎ ለምነው አምጥተው ነበር። እመይቴ በእግሬ እሄዳለሁ ብለው እምቢ አሉ፤ በሳል የደከመው ሰውነታቸው እስከ ቻለ ድረስ። አባቴ በቅሎዋን እየሳቡ ፊት ሄዱ፤ እኔ በቆሰለ እግሬ እያነከስሁ ከእመይቴ ጎን ሄድሁ። ሜዳው ደርቋል፤ ጓያው አረንጓዴ ሆኖ ከብቱ በየቦታው ተሰማርቷል።

«ሽረውሃል አሉኝ» አሉ እመይቴ።

«አዎ እመይቴ።»

«እሰይ።»

ትንሽ ሄድን።

«በእኔ ምክንያት ይህ ሁሉ ደረሰብዎ» አልኋቸው።

«በአንተ አይደለም። ልጄን ፈልገው ነው እኮ። የት ነው፣ የት ነው፣ ሌት ተቀን ይኸን ነው የሚሉኝ።» ቆሙ። ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «አላውቅም አልኋቸው። እውነቴን ነው፤ አላውቅም። አንድ ሌሊት ግን ብርዱ ሲጠናብኝ ምን እንዳሰብሁ ታውቃለህ? ባውቅ ኖሮ እነግራቸው ነበር አልሁ። የወለድሁትን። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።»

«ያሰቡት እንጂ ያደረጉት አይደለም።»

«እሱን የንስሐ አባቴ ይፍቱኝ። አንተ ምን ታውቃለህ» አሉኝ። በቁጣ አልነበረም።

ልጃቸው ኋላ መንግሥት ሲለወጥ እንኳ አልመጣም። ከጫካ የሚመለሰውን ሁሉ እየጠየቁ ኖረው፣ ያየሁት አለ ብሎ የነገራቸው ሳይገኝ አረፉ። ያን ቀን ግን ይህን አናውቅም፤ እሳቸው ያቺን ያሰቧትን ነገር ብቻ ተሸክመው ነበር የሚሄዱት።

ከሰፈራችን ሳንደርስ አንድ ያልደረቀ ረግረግ አለ። አባቴ በቅሎዋን አሻግረው ማዶ ቆሙ። እመይቴ ዳሩ ላይ ጫማቸውን አውልቀው ቢረግጡ እግራቸው ሰመጠ። ሳልጠይቃቸው ጎንበስ ብዬ ጀርባዬን ሰጠኋቸው። ጥቂት ካመነቱ በኋላ አንገቴን ያዙ። ክብደት የላቸውም፤ ሳላቸው ብቻ ጀርባዬ ላይ ይንቀጠቀጣል። ውስጥ እግሬ በጭቃው ውስጥ እንደ እሳት እየፈጀኝ አሻገርኋቸው። ማዶ ሳወርዳቸው ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ አባቴን በእጅ ምልክት ጠርተው በቅሎዋ ላይ እንዲያወጧቸው ፈቀዱ።